አባቴ ውስጥ የገባው ብረት

የሌላ ሰው ቤት በር ሲከፈት የሚታየው ወንበር ወይም ቁም ሳጥን ነው። የእኛ ቤት በር ሲከፈት የሚታየው ሚዛን ነበር። አንድ ሚዛን ብቻ አይደለም፤ የሚዛን መንጋ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ የሥጋ ሻጮች ሚዛኖች በየመንጠቋቸው ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። መደርደሪያው ላይ የባለ ሱቆቹ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የመጣ የሕፃናት ሚዛን እንደ ባዶ አልጋ ተጋድሞ ይውላል። አባቴ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ ሚዛን» ነበር የሚለው። የፊተኛው ክፍል የሥራ ቦታው ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ባለው ክፍል እንኖራለን። አባቴ ከሥራ ወደ ቤት ለመግባት መጋረጃ መግለጥ ብቻ ይበቃዋል። እናቴ እንደምትለው ግን በዚያች መጋረጃ በኩል ቅባቱን፣ ብሎኑንና ደንበኞቹን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚገባው።

ከሁሉም የምትከበረው መሀል ወለል ላይ የቆመችው፣ ጆንያ የሚመዘንባት ትልቋ ሚዛን ነበረች። የደንበኛ አይደለችም፤ የራሳችን ናት። ጠፍጣፋ የብረት መቆሚያ አላት፤ ከፊቷ በትልቅ ሰው ቁመት ልክ ክብ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከመስታወቱ ሥር ቀይ መርፌ አለች። አባቴ የሚያናግራት እንደ ሰው ነው። በእንጨት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው የሚቀመጡ መመዘኛ ብረቶች ነበሩት፤ ትልልቆቹ እንደ ጡብ፣ ትንንሾቹ እንደ አዝራር። እነሱን ይጭንባትና መርፌዋን ያያል። ስትስማማ «አሁን ሰው ይመንሽ» ይላታል። ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን የተጠገነ ሚዛኑን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ደግሞ የማይቀር ምክር አለ።

«ሚዛንህን ጠግኜልሃለሁ። አውራ ጣትህን መጠገን ግን አልችልም።»

«ጣቴ ደግሞ ምን አደረገች ጋሼ?»

«ከሥጋው ጋር አብራ ትመዘናለች።»

ሥጋ ሻጩ ይስቃል። አባቴ አይስቅም። በሌላ በሌላው ተጫዋች ሰው ነው፤ በሚዛን ግን አይቀልድም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሊመዘኑ ይመጣሉ። ተሰልፈን አንድ በአንድ እንወጣለን። በዚህ ጨዋታ እኔን የሚያሸንፍ አልነበረም። የልብስ ሰፊው ልጅ በዕድሜም በቁመትም ይበልጠኛል፤ መርፌዋ ግን ለእሱ ትንሽ ራመድ ብላ ስትቆም ለእኔ ትገሰግሳለች። ውድድሩ ማን ይበልጣል አይደል? በለጥኩ። ከሚዛኗ ስወርድ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ልጆቹ «ድንቡሼ» እያሉ ይጮኻሉ፤ ለአሸናፊ የሚጮኸው እንደዚያ ነው ብዬ ጎንበስ ቀና እላለሁ። እናቴ መጋረጃውን ገርበብ አድርጋ ስታየን ፊቷ ጨፍገግ ሲል ታዝቤያለሁ። የልብስ ሰፊው ልጅ መሸነፉ አሳዝኗት መሰለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሕፃናት ሚዛኑን ልትወስድ መጣች። አባቴ ስላልነበረ እናቴ አስገብታ አስቀመጠቻት። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በማርማላታ እበላለሁ። ነርሷ አንዴ አየችኝና ወደ እናቴ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የልጅ ጆሮ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ለምን እንደሚረሱት አላውቅም፤ እነሱም እኮ ልጅ ነበሩ።

«አሁን ካልተያዘ ኋላ ጉልበት ላይ፣ ልብ ላይ ነው የሚመጣው» አለች ነርሷ።

«ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ማጠሩን እኔም አይቻለሁ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ቁጣ የለም። ‹በቃ፣ ይቅር› የለም። ምግብ መደበቅም የለም። ቤቱ ይለወጥ፤ ሁላችሁም አንድ ላይ።»

«ሳይታወቅ ቢሆንስ?»

«እንደሚመችሽ። ብቻ ማሳፈር የለም። ያፈረ ሰው ይብስበታል።»

እናቴ «አውቃለሁ» አለች። እንዴት እንደምታውቅ አልተናገረችም።

አንድ የታመመ ሰው እንዳለ ገባኝ። ማርማላታውን ከጣቴ ላይ እየላስኩ ማን ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ። ቤታችን ውስጥ ብዙ ሰው የለም። እናቴ ከነርሷ ጋር ምክር ይዛለች፤ የታመመ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ እንደዚያ አይማከርም። እኔ ሰፈሩን ሁሉ የማሸንፍ ልጅ ነኝ። የቀረው አባቴ ነው።

አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማሁና ሐዘኔ ጸና።

«እኔን? እኔን የሚያይ ሰው እኮ ይስቃል» አለ አባቴ።

«ሰው ሁሉ እንዲያምን ማን ፈለገ? አንድ ሰው ካመነ ይበቃል።»

«ሚዛኗን ነካ አድርጋት ልትዪኝ ከሆነ አላደርገውም። ብትሞቺ አላደርገውም።»

«ሚዛንህን አትንካት። ካፖርትህ ግን ትልልቅ ኪስ አለው።»

ከዚያ አባቴ አፉን በእጁ ይዞ የሚንሰቀሰቅ ሰው ድምፅ አሰማ። እያለቀሰ ነው ብዬ እኔም ትራሴን አቅፌ አለቀስኩለት። ሳቁን አፍኖ እንደነበር ያወቅኩት የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስሚ እንግዲህ። አባትሽ ክብደት መቀነስ አለበት። ብቻውን ስለማይሆንለት ሁላችንም እናግዘዋለን። እሱ የሚበላውን እንበላለን፣ እሱ ሲሄድ አብረን እንሄዳለን።»

አባቴን አየሁት። ቀበቶው ወገቡን ዞሮ ተርፎት ጫፉ እንደ ጅራት ተንጠልጥሏል። ሲያጎነብስ የጀርባው አጥንት በሸሚዙ ላይ ይቆጠራል።

«አባዬ እኮ ቀጭን ነው» አልኩ።

«ከላይ ሲታይ ነው» አለች እናቴ።

አባቴ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ አንድ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ቀረ።

ቅዳሜ ሲደርስ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታነድዳለች፤ አባቴ ግን የክረምት ካፖርቱን ለብሶ ብቅ አለ። አረማመዱ ልክ አይደለም። ሙሉ ባልዲ በየእጁ እንደያዘ ሰው እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ፣ ሳይጎነብስ፣ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው። በየእርምጃው ከውስጡ አንድ ነገር ቅጭል ይላል። ሚዛኗ ላይ ወጣ። መርፌዋ ተነሳች፤ የእናቴን ቦታ አለፈች፤ የሥጋ ሻጩን ቦታ አለፈች፤ ሥጋ ሻጩ እኮ በራችንን በጎኑ ነው የሚገባው። ከዚያም አልፋ ሄዳ ቆመች።

«አየሽ?» አለች እናቴ።

አየሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ሚዛኗ ግን ተሳስታ አታውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት ሁሉ የበራችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነገሩን አወጣሁ አወረድኩ። ቀጭን ሰው እንዴት እንደዚያ ይከብዳል? አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ሲሞርድ ነው የኖረው። የብረቱ ብናኝ በአፍንጫው ይገባል። መዳፉ ብረት ብረት ይሸታል። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ነገር በሳሙና አይለቅም፤ ከውስጥ የሚመጣ ስለሆነ ነዋ። ደግሞስ ሲራመድ ቅጭል ሲል በጆሮዬ ሰምቼ የለም? ነገሩ ገባኝና ብርድ ብርድ አለኝ። ብረቱ አባቴ ውስጥ ገብቷል። ሥጋውን ትቶ አጥንቱን ይዞታል። እየቆየ ሲሄድ ሁለመናው ብረት ይሆናል፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ የሚያነሳውም ሰው አይገኝም።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ካደግኩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አሁን ባለሁበት ቤት፣ ድንች እየላጥን ነው። ልጅ ሳለች ወፍራም ነበረች። ወንድሞቿ ገበታ ላይ አፏን እያዩ ይቆጥሩላት ነበር፤ አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስነሳትና «ይህቺን ማን ያገባልኛል?» ብሎ ሰው ያስቅባታል። እሷም ገበታ ላይ መብላት አቆመች። ሰው ሲበተን ከጓዳው በር ኋላ ቆማ ትበላለች፤ ድምፅ እንዳይሰማ ሳታኝክ ነው የምትውጠው። «ልጄ ከበር ኋላ እንድትቆም አልፈለግኩም» አለችኝ ድንቹን ሳታቋርጥ። ስለዚህ አባቴ ለእኔ ሲል ወፍራም ሆነ። መመዘኛ ብረቶቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ይወጣል፤ በየሳምንቱ አንዳንድ እየቀነሰ ይቀላል፤ እኔም አብሬው ሳይታወቀኝ አንድ ነገር እቀንሳለሁ ነው ሐሳቡ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ተከራከረ፤ ሚዛኗ አልዋሸችም። «ሰውዬው ከነብረቱ ያን ያህል ይመዝናል። እሷ የሰው ብቻ ነው አላለች» ይል ነበር።

ቤቱ ተለወጠ። ስኳርና ብስኩት ማንም ሳይናገር ከገበያ መምጣታቸው ቀረ። በፊት አባቴ ሥራው ላይ፣ እናቴ ምድጃው ላይ፣ እኔ ባገኘሁበት ነበር የምንበላው፤ አሁን ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሳህን ሳህናችንን ይዘን፣ ቀስ ብለን እንበላለን። ጎመን በዛ። ባቄላ በዛ። ዳቦው ስስ እየሆነ መጣ። አሥር ሰዓት ሲል አባቴ ሥራውን ይዘጋና እኔን አስከትሎ ዳገቱ ጫፍ እስካለው የሰፈሩ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ድረስ ይሄዳል።

እኔ ግን እናቴ ያላየችው ነገር ታየኝ። ሚዛን ላይ የጫንከው ሁሉ ይጨምራል፤ ያንን ከአባቴ ነው የተማርኩት። እሱ ውስጥ የገባውም ምግብ ከብረቱ ጋር ይደመራል። ስስ ዳቦም ቢሆን ዳቦ ነው። ስለዚህ መብላቱን ጨርሶ ቢተው ይሻለው ነበር፤ ሰው ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ አይተውም። አንድ ሰው መሥዋዕት መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ማን አለ?

እናቴ ወደ ምድጃው ስትዞር ሹካዬን ልኬ ከሳህኑ ድንች እወስዳለሁ። ጨው ልታመጣ ስትነሳ ግማሽ ዳቦውን። አባቴ ምንም አያይም ነበር፤ ሁልጊዜ ልክ በዚያች ሰዓት መስኮት መስኮቱን ያያል።

«መስኮቱ ላይ ምን አገኘህ?» ትለዋለች እናቴ።

«ደመናው።»

«ምን ሆነ ደመናው?»

«ቆሟል።»

እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ያይ ነበር። ልጄ ራባት ብሎ፣ ሚስቱንም ፈርቶ፣ እኔንም ላለማሳፈር ደመና ሲቆጥር ከረመ። እኔ ለእሱ ስል እበላለሁ፤ እሱ ለእኔ ሲል ይራባል። እናቴ መሀላችን ተቀምጣ ዕቅዷ እየሠራ መሰላት።

በመንገድ ላይም ጥበቃዬን አላቋርጥም። ሥጋ ሻጩ ሲያየን ከሱቁ ይወጣል።

«ጋሼ፣ መነመንክ እኮ። ይቺን በመንገድ ላይ ቅመሳት» ብሎ የተጠበሰ ሥጋ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠዋል።

«ለእኔ ስጠኝ አባዬ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» እላለሁ። የውሃ ጋኑ ጋ ስንደርስ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚተርፈው። ጠግቤ እንኳ ቢሆን እታገላለሁ። አንዳንድ ቀን ሆዴ እስኪወጠር፣ እምባዬ እስኪመጣ ድረስ በልቼለታለሁ። ለሚወዱት ሰው የማይሆን ነገር የለም።

ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ተንበርክኬ እጸልያለሁ። «ጌታ ሆይ፣ የአባቴን ብረት አውጣለት። በየት በኩል እንደሚወጣ አንተ ታውቃለህ።» ሌላ ነገር አልለምንም ነበር፤ ብዙ ከለመንኩ ዋናው ይዘነጋል ብዬ እሰጋለሁ።

በዚህ መሀል ቀሚሴ አዝራር ማቆየት እምቢ አለ። አንዱ ስነጥስ ተፈናጥሮ የባለ ሱቁ ሚዛን ሳህን ውስጥ ወደቀ። እናቴ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ትሰፋለች፣ ትሰፋለች፤ አንድ ቀን መርፌዋን አቁማ ለራሷ «አየር ያወፍራል እንዴ?» አለች። ስለ አባቴ የምትጨነቅ መስሎኝ «አይዞሽ እማዬ» ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አደረግኳት።

የአባቴ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። በዕቅዱ መሠረት በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ብረት እየቀነሰ ሊቀል ነበር። ሰውነቱ ግን ከዕቅዱ ቀደመው። እኔ ድርሻውን እየበላሁለት በእውነት ስለከሳ፣ መርፌዋ ካለፈው ሳምንት ቦታዋ አቅራቢያ እንድትቆም ብረት መቀነሱን ትቶ መጨመር ግድ ሆነበት። የሚከሳ ሰው በየሳምንቱ ብረት እየጨመረ ሚዛን ላይ ይወጣል። ካፖርቱ ከትከሻው ወደ መሬት መጎተት ጀመረ። ቅጭልታው ወደ ከባድ ኳኳታ ተለወጠ። እኔም በሽታው ጸናበት ብዬ ጸሎቴንም ሹካዬንም አበረታሁ።

ነገሩ እዚህ እንደደረሰ አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ስትናገር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኛ እትዬ» አለ አባቴ።

«አንተማ ሥጋ ነበረህ። ወንድሜን የት አደረሳችሁት?»

«ይግቡ እስቲ መጀመሪያ እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች እናቴ።

«አልቀመጥም። እኔ ይሄን ልጅ በጡጦ ነው ያሳደግኩት። ጉንጩ የት ሄደ? ለመሆኑ ምግብ ይሰጠዋል?» ዓይኗ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፤ ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ ሄደ መጣ። «አይ ገብቶኛል። እዚህ ቤት አንዱ ይደርቃል አንዷ ደግሞ...»

«እትዬ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «ሻይ ላፍላልዎት።»

አክስቴ የማታውቀውን ነገር ላስረዳት ብዬ ቀረብኩ። አዋቂ ሰው አላዋቂን እንደሚያባብል እጇን ያዝኩ።

«አክስቴ፣ አባዬ ቀጭን የሚመስለው ከላይ ነው። ከውስጥ በጣም ወፍራም ነው። ክብደት እየቀነሰ ነው።»

አክስቴ አፏን ከፍታ ወንድሟን አየች።

«ክብደት? ይሄ? ከምኑ ላይ?»

«ሚዛኗን ጠይቂያት» አልኩ። ቅዳሜ ነበር።

አባቴ ዛሬ ይቅር ለማለት ሞከረ። ወገቡን አመመው፤ የሚዛኗ ቅባት አልደረቀም፤ ብርሃኑ አይበቃም። አክስቴ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ «በፊቴ ይመዘን» አለች። በዚያው ሰዓት ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ሊወስድ ገባ፤ የቤቱን ሁኔታ ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ተደግፎ ቆመ። እናቴ በዓይኗ አባቴን ለመነችው። አባቴ ከመጋረጃው ኋላ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፊቱ በላብ ርሶ፣ ግድግዳውን እየያዘ ነው የመጣው።

ሚዛኗ ላይ ወጣ። መርፌዋ ሄደች፣ ሄደች። አክስቴ ከሻንጣዋ ተነሳች።

«በስመ አብ» አለች በሹክሹክታ።

«አልነገርኩሽም?» አልኩ።

ያኔ ነው የካፖርቱ ኪስ የተተረተረው። መጀመሪያ የክር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ብረት በካፖርቱ ሥር ወርዶ መቆሚያው ላይ ዷ አለ። አባቴ ኪሱን በእጁ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ሌላኛው ኪስ ደግሞ አልቻለም። ትልልቆቹ በእግሮቹ መሀል ወረዱ፤ ትንንሾቹ ተከተሏቸው፤ የመጨረሻዋ፣ አዝራር የምታክለዋ፣ ተንከባላ መቆሚያው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆመች። መርፌዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና እዚያው ተመልሳ ቆመች፤ ብረቱ ከአባቴ ላይ እንጂ ከሚዛኗ ላይ አልወረደም።

ሥጋ ሻጩ ቀስ ብሎ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ብረቶቹን እያነሳ ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ባነሳ ቁጥር መርፌዋ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። የእሱን ቦታ አለፈች፤ የእናቴን ቦታ አለፈች፤ እናቴን ካለፈች በኋላም አልቆመችም። ሥጋ ሻጩ ቀና አለ።

«ጋሼ» አለ፣ «የእኔን አውራ ጣት ስትቆጣ ኖረህ።»

አባቴ ባዶ ካፖርቱ ውስጥ ቆሞ እግሩን ያያል።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ብረቱ ወጣ። በዓይኔ እያየሁ፣ አንድ በአንድ፣ ከአባቴ ውስጥ ወጣ። ማታ ማታ የለመንኩት ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድሮ አየሁ። ሮጬ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ዛሬ ብዙ ነገር አንብቤ፣ ብዙ ሰው ሰምቼ፣ ያን ቀን የተበጠሰው ክር እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጸሎቴ አልተሰማም ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ወጣልህ አባዬ። ዳንክ» አልኩት እያለቀስኩ። «ከእንግዲህ ምግብህን አልበላብህም። ራስህ ትበላለህ።»

አባቴ ጎንበስ አለ።

«ምን አልሽ እማ?»

«ብረቱ እንዳይጨምርብህ ብዬ ነበር የምበላልህ። ሆዴ ቢያመኝም እበላልህ ነበር።»

አባቴ ከሚዛኗ ሳይወርድ እዚያው ቁጭ አለ። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየው ጀመር።

«እሷ ስትወስድ አንተ ታይ ነበር?»

«እኔ መስኮቱን ነበር የማየው።»

«ደመናውን» አለች እናቴ።

«ራባት ብዬ ነዋ። ምን ላድርግ?»

እናቴ ልትቆጣ ጀምራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሥጋ ሻጩ ወደ ጣሪያው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያልሳቀችው አክስቴ ብቻ ነች። ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ እየገባት ሲሄድ ፊቷ ላይ ይታያል። ብረቶቹን አየች፣ ሚዛኗን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየች፤ የቀሚሴን አዝራሮች፣ ክንዴን፣ ጉንጬን።

«አሁን ገባኝ» አለች። «ይሄ ሁሉ ድራማ ለዚህች ነው? አንድ ቃል መናገር አቅቷችሁ? ነይ እስቲ ወዲህ አንቺ። ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ እኮ...»

እናቴ ነጠላውን ከአፏ አወረደች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነጭ ሆናለች። ያኔ ለአክስቴ ሻይ ሳይፈላላት በመቅረቱ የደነገጠች መስሎኝ ነበር።

«እትዬ» አለ አባቴ። ተነሣ። በዕድሜው ሁሉ እህቱን አቋርጧት አያውቅም። «ሚዛን የሚያስፈልገው ለሚሸጥ ነገር ነው። እዚህ ቤት የሚሸጥ ሰው የለም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህች ላይ ሰው አይወጣም፤ እኔም ብሆን።»

«እኔ ምን አልኩ? ለደኅንነቷ...»

«ለደኅንነቷ እኔና እናቷ አለን። እየተሳሳትንም ቢሆን አለን። አንቺ እንግዳችን ነሽ፣ እናቴ ነሽ፤ ቁጭ በይና ምሳ ብዪ።»

አክስቴ ልትለኝ የነበረውን ቃል አፏ ውስጥ አላመጠችው። ለመትፋት ብትፈልግ ትችል ነበር፤ ማንም አፏን አልያዘም። ወንድሟን ብዙ አየችው፤ ጡጦ ያጠባችው ልጅ የት ሄደ የምትል ትመስል ነበር። ከዚያ ዋጠችው።

«እኔማ» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ እኮ ለአባትሽ ጥሩ ልጅ ነሽ ልልሽ ነበር።» ድምፅዋ መስታወቱን አላርገበገበም።

ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሲወጣ እናቴ ድንች ቀቀለች፣ እንቁላል ቀቀለች፣ ጎመኑን አሞቀች። ለአክስቴ ወንበር ጨመርንላት። አራታችን ጠረጴዛውን ከብበን ተቀመጥን። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ ስለነበር የአንገቱ አጥንት እንደ መንጠቆ ወጥቶ ይታያል። መብላት ጀመረ። እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። አንገቱን ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ይበላል። አክስቴ እየላጠች እንቁላል ታቀብለዋለች፤ «ቀስ በል፣ ማንም አይወስድብህም» ትላለች፤ እኔን በጎን አይታ ጉንጯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። እኔ ሹካዬን አስቀምጬ እያንዳንዱን ጉርሻ እስከ ጉሮሮው ሸኘሁለት። ሥራዬ አልቋል። ሰው ሥራው ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚቀለው ያን ቀን አወቅኩ።

ሳህኑ እየጎደለ ሲመጣ አባቴ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ልማድ ሆኖበት አንድ ድንች በሹካው ወግቶ፣ መስኮቱን እያየ፣ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ሳህን ገፋው።

መልሼ ገፋሁለት።

«አንተ ብላው አባዬ» አልኩ። «እኔ ጠገብኩ።»

እናቴ ከምድጃው ድስቱን ይዛ እየመጣች ነበር፤ ቆመች። የእኔ ሳህን ላይ ግማሽ ድንችና ትንሽ ጎመን ቀርቷል። አክስቴ ሳህኑን አይታ «ጨርሺው እንጂ» ልትል ከንፈሯን ከፈተች፤ አባቴ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ሳይረግጣት አልቀረም፤ ዘጋችው። እናቴ ሳህኔን አላነሳችም። «ብዪ» አላለችኝም፣ «ጎበዝ» አላለችኝም። ድስቱን መሀል አስቀመጠች፤ ከጎኔ ወንበሯን ሳበች፤ ለራሷ ሳህን ሞላ አድርጋ አወጣች። ከዚያም እዚያው በሁላችንም ፊት ቀስ ብላ እያኘከች ምሳዋን በላች።